ከፀሐይ ይጠበቅ

በሰሜን ዋልታ አጠገብ ባለችው የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ በኦርኔቪካ፣ ፀሐይ የምትጠልቀው ኅዳር ሲጋመስ ነው፤ ከጠለቀች ደግሞ ጥር እስኪጋመስ አትወጣም። በመካከሉ ያለው ጊዜ ቀን አይባል፣ ሌሊት አይባል። እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ እንደ ዓሣ ሆድ ትንሽ ይነጣል፤ ሴቶቹ ወደ ሱቅ፣ ወንዶቹ ወደ ጀልባቸው ብቅ ይሉና ከዚያ መልሶ ይከደናል። እዚያ የተወለደ ሰው ይህን እንደ ችግር አይቆጥረውም። ግን ጉንጩ ይገረጣል። ንግግሩ ይበዛል፣ ወይም ጭራሽ ቃል ያጣል። ግድግዳ እያየ የሚውል ሰው በየቤቱ አንድ አይጠፋም።

ዳግኒ የዚያው መንደር ልጅ ናት። የዓለም ጦርነቱ ሲያልቅ የሚሸሹት የጠላት ወታደሮች ቤቱን ሁሉ አቃጥለውት ሄደው ነበር፤ ሰዉ ከስደት ተመልሶ አመዱ ላይ ጣሪያ ሲያቆም እሷ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። ከሁሉ በፊት የተሠራው ትምህርት ቤቱ ነበር። ዳግኒም እዚያ ወለል ለማጽዳትና ምድጃ ለማንደድ ተቀጠረች። የዚያን ጊዜ ልጆች እግራቸው ቆልማማ፣ ጥርሳቸው ልል፣ ፊታቸው እንደ ሻማ ነበር። የወረዳው ሐኪም አይቶ አዘነና እንደ ፀሐይ ጨረር የሚሰጥ አንድ ትልቅ የፀሐይ መብራት በመርከብ አስመጣ። ዳግኒን ቁጭ አድርጎ አጠቃቀሙን አስተማራት። እሷም እንደ ጸሎት ያዘችው።

ከዚያ በኋላ የኦርኔቪካ ልጅ ሁሉ በዳግኒ እጅ አለፈ። በጨለማው ወራት፣ ምድጃው ሲግል፣ ልጆቹ በውስጥ ሱሪ ብቻ ሆነው መብራቱን ከበው ይቆማሉ። ዓይናቸው ላይ ትልልቅ ጥቁር መነጽር አለ፤ የጉንዳን ጉባኤ ይመስላሉ። መብራቱ ላይ ዳግኒ የዓሣ ማጥመጃ ሲባጎ አስራለች፣ ሲባጎው ጫፍ ላይ ቋጠሮ አለ። ቋጠሮው የእያንዳንዱን ልጅ አፍንጫ መንካት አለበት። ከቋጠሮው ወዲህ የቀረበ ወዮለት!

«መብራቱ እስኪረጋ ፊታችሁን አዙሩ! አንተ፣ መነጽርህን ማን አውልቅ አለህ?»

«ዓይኔን ጨፍኛለሁ እኮ፣ አክስት ዳግኒ።»

«ጨፍኜ ትለኛለህ! የዓይንህ ቆዳ ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል። ማታ ዓይንህ ውስጥ አሸዋ የሞላ መስሎህ ስትጮህ እናትህ እኔን ነው የምትረግመው። አድርግ!»

ፊት በውኃ ብቻ ታጥቦ መቅረብ፣ ቅባት አለመቀባት፣ መብራቱ ሥር አለማንቀላፋት፣ ፀጉሩ ቀይ የሆነ ልጅ የሌላውን እኩሌታ ጊዜ ብቻ መሞቅ፣ ዛሬ የሞቀ ነገ ማረፍ፣ ቆዳው ቀልቶ ያደረ ቅላቱ እስኪለቅ ዝር አለማለት። ይህን ሁሉ በቃሏ ትለዋለች። እንቁላል ሲቀቀል የሚጠመዘዝ፣ ጊዜው ሲደርስ የሚንጫረር ትንሽ የኩሽና ሰዓት ነበራት። እሱ ቺቺቺ እያለ ሲሄድ ልጆቹ እንዳይሰለቹ ራሷ ያወጣችውን ዜማ ታዘፍናቸዋለች፦

ፀሐይ እሜቴ ሆይ፣ ወዴት ሄደሽ ነበር፣
ጉንጫችን ገረጣ ስንጠብቅሽ ከበር።
ተራራው ቢከልል፣ ባሕሩ ቢያርቅሽ፣
ነይ በመስኮታችን፣ ልባችን ናፈቀሽ።

ሰዓቱ ሲንጫረር ዳግኒ መብራቱን ታጠፋና ታጨበጭባለች። «በቃ ልጆች፣ ልበሱ!»

በእነዚያ ሁሉ ክረምቶች አንድ ልጅ አልተቃጠለባትም። አንድም። እናቶች በሌላው ነገር ሊያሟት ይችሉ ነበር፤ ቁጡ ናት፣ አፏ ስለታም ነው ይሏታል። በመብራቱ ግን ማንም አንዲት ቃል ተናግሮባት አያውቅም። ይህም፣ እሷ ራሷ ጮክ ብላ ባትለውም፣ በዓለም ላይ ያላት ኩራት ነበር።

ሃልቫርም ያገኛት በዚያው በመብራቱ ሰበብ ነው። ሃልቫር ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ረጅም፣ ጎባጣ፣ ቀልደኛ። አንድ ቀን የጎረምሳ ቁመቱን ይዞ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቆመና «አፍንጫዬ ፀሐይ ጎድሎታል፣ ከልጆቹ መሃል ታስገቢኛለሽ?» አላት።

«ሱሪህን አውልቀህ በውስጥ ሱሪ የምትቆም ከሆነ ግባ» አለችው።

ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እሱ ግን አልሸሸም፤ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። በመጥረጊያ አባረረችው። በዚያው ዓመት ፀሐይ የተመለሰች ዕለት፣ መንደሩ እንደ ልማዱ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው የፀሐይ ጉብታ ሲወጣ፣ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ከባሕሩ ጫፍ አንዲት ቀይ ክር ብቅ አለች። ሰዉ ባርኔጣውን አወለቀ። ሃልቫር ፀሐይዋን አላየም፤ ያየው በዳግኒ ፊት ላይ ስትወጣ ነው። እስኪያረጅ ድረስ ይህን ይናገር ነበር። «እኔ ፀሐይን ፊት ለፊት አይቼ አላውቅም፣ በሚስቴ ጉንጭ በኩል ነው የማያት» ይላል። ዳግኒም «ዓይንህ የዳነው ለዚያ ነው» ትለዋለች።

ልጅ አልወለዱም። መጀመሪያ አለቀሱበት፣ ኋላ ዝም አሉት። ዘመን ተለወጠ፤ ለትምህርት ቤቱ ልጆች ወተትና የዓሣ ዘይት ይበቃል ተባለና ትልቁ መብራት ወደ ምድር ቤት ወረደ። ዳግኒ የዚያን ሰሞን ጡት እንዳስጣሉት ሕፃን ሆነች።  ሃልቫር ከአንድ ረጅም የዓሣ ጉዞ ሲመለስ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ተሸክሞ ገባ፤ ለቤት የሚሆን፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ትንሽ የፀሐይ መብራት ነበር። ሲባጎውን ራሱ አስሮ፣ ቋጠሮውን ራሱ ቋጥሮ ነበር። ዳግኒ ለካችው። ልክ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የእነ ዳግኒ ሳሎን የመንደሩ ትንሽ ፀሐይ ሆነ። ሴቶቹ በጨለማው ወራት ሹራብ ይዘው ይመጣሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ፣ ያሙ የነበረውን ያማሉ። ከሁሉ የማትጠፋው ጎረቤቷ ቱሪድ ነበረች። ቱሪድ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ማንንም የማትምር ሴት ናት። መነጽሩን አድርጋ መብራቱ ፊት ስትቀመጥ እንኳ ምላሷ አያርፍም።

«ዳግኒ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ በሞቴ! ባሌ የከተማ ሴት ይዞ የገባ ይምሰለው።»

«ከጨመርኩልሽ ባልሽ ከቤት ይወጣል። በቃ፣ ልበሺ!»

*

ሃልቫር ካረጀ በኋላ ሳንባው ከዳው። ባሕሩ፣ ብርዱ፣ ትምባሆው፣ ሁሉም ድርሻቸውን ወስደው ነበር። በዚያ ዓመት ጨለማው ሲገባ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ብቻ ሆነ። ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ ጀልባ በድንጋይ ላይ የሚጎተት ይመስላል። ለሚቀጥለው በጋ እንደማይደርስ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች፤ ተነጋግረውበት ግን አያውቁም። የተነጋገሩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የፀሐይ ጉብታ እወጣለሁ» አላት።

«በምን እግርህ?»

«በእግሬ ማን አለሽ? በባለ ወንበሩ የበረዶ መንሸራተቻ ትገፉኛላችሁ። ካገባሁሽ ጀምሮ አንድ ዓመት አልቀረሁም። ዘንድሮም አልቀርም። አንድ ጊዜ ልያት፤ ከዚያ በኋላ የፈለገችው ትሁን።»

ይህ ነበር የጠየቀው። ከዓለም ሌላ የቀረው ፍላጎት አልነበረም። ቃሉ በመንደሩ ተዳረሰ። የወደቡ ወንዶች መንሸራተቻውን አጠገኑ፣ ወንበሩን የበግ ቆዳ አለበሱ፤ አቀበቱን ተራ በተራ ሊገፉት ተስማሙ። ዳግኒም አዲስ የሱፍ ኮፍያ ሠራችለት። ፀሐይ የምትመለስበትን ቀን ያን ዓመት እንደጠበቀችው በዕድሜዋ ጠብቃ አታውቅም።

የገና በዓል ካለፈ በኋላ ሳሉ ጠናበትና ትኩሳት መጣ። የወረዳዋ ነርስ፣ እህት ቶርዲስ፣ በበረዶው ላይ መጥታ ደረቱን አዳመጠች፤ ሳንባው ውስጥ አዲስ ምች ገብቷል አለች። ክኒን ሰጠች። ቱሪድም እዚያው ነበረች፣ እንደ ሁልጊዜው።

እህት ቶርዲስ ብልቃጡን ብርሃን ላይ አድርጋ የተጻፈውን አነበበች። «ከምግብ በኋላ። ብዙ ውኃ ይጠጣበት። ከወተት ጋር አይወሰድም። እና . . .» እዚህ ላይ ፈገግ አለች፣ «ከፀሐይ ይጠበቅ ይላል።»

 ቱሪድ በሳቅ ፈነዳች።

«ከየትኛዋ ፀሐይ?»

እህት ቶርዲስም ሳቀች። ዳግኒ በሽርጧ አፏን ይዛ ሳቀች። መስኮቱ እንደ ቀለም ጥቁር ነው፤ በረዶ ያዘለው ነፋስ ይፏጫል።

«አደራ ሃልቫር!» አለች ቱሪድ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ዛሬ ባሕር ዳር ራቁትህን ተንጋለህ እንዳትውል!»

«ጥላ ይዤ እተኛለሁ» አለ ሃልቫር፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለውጦ እስኪያንፈራፍረው።

ቱሪድ ነገሩን ይዛው ወጣች። በማግሥቱ ሱቁ ውስጥ፣ ቀጥሎ ወደቡ ላይ፣ ከዚያ በየደጁ ሆነ። ጨለማ ውስጥ ሁለት ሰው ከተገናኘ ሰላምታው «ከፀሐይ ተጠንቀቅ!» ሆነ። መልሱም «ባርኔጣዬን ይዣለሁ!» ነው። ቄሱ እንኳ ከቅዳሴ በኋላ ለአንዲት አሮጊት እንዲህ ሲሉ ተሰምተዋል። ለብዙ ሳምንት ሳቅ የጠፋበት መንደር በአንዲት የክኒን ብልቃጥ ሳቀ።

ክኒኑን በየቀኑ ይውጣል፤ ሠራም። ትኩሳቱ በረደ፣ ሃልቫርም ቀና አለ። አንድ ቀን መስተዋት አምጪልኝ አላትና ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየ።

«ዳግኒ፣ እኔ የደረቀ ዓሣ ሆኛለሁ።»

«ድሮስ ምን ነበርክ?»

«አትቀልጂ። እንዲህ ሆኜ ጉብታው ላይ ብወጣ ሰዉ ሬሳ የምትገፉ ነው የሚመስለው። ፀሐይዋ ራሷ ደንግጣ ትመለሳለች። ትንሽ አሙቂኝ። ደም ይግባብኝ።»

ዳግኒ አሰበችበት። ሐኪሙ በወጣትነቷ ያስተማራትን ሁሉ አንድ በአንድ በልቧ አሳለፈች። ዓይን፣ ርቀት፣ ጊዜ፣ ቅባት፣ ዕረፍት። ሽማግሌ ቆዳው ስስ ነውና ከቀይ ፀጉር ልጅ እንኳ ባነሰ መጀመር። ከዚህ ሌላ የሚታሰብ አልነበራትም። ያ ደጉ ሐኪም ሲያስተምራት እንዲህ ያለ ክኒን በዓለም አልነበረም፤ ያልነበረን ነገር እንዴት ያስጠነቅቃት? የብልቃጡ ቃል ደግሞ ቀልድ ከሆነ ሰንብቷል። ስትሰማው የሚመጣባት የቱሪድ ሳቅ እንጂ ሌላ አልነበረም። እንደዚያ ሆኖ በጭንቅላቷ ውስጥ ከሚጠነቀቁት ነገር መደብ ወጥቶ፣ ከሚስቁበት ነገር መደብ ገብቶ ተቀምጧል።

በሞቀ ውኃ ፊቱን አጠበችው። ትራሱን ከጀርባው ደገፈችለት። መነጽሩን አጠለቀችለት። ሲባጎውን ስባ ቋጠሮውን አፍንጫው ጫፍ ላይ አሳረፈች።

«ይኼ ቋጠሮ» አለ ሃልቫር፣ «በኔ እጅ የተቋጠረ ነው፤ አይዋሽም።»

«ዝም በል፣ አትንቀሳቀስ።»

ሰዓቱን ጥቂት ብቻ አጠማዘዘችው። መብራቱ ሰማያዊ ሆኖ አጉረመረመ፣ ከዚያ ነጣ፣ ረጋ። ክፍሉ ነጎድጓድ ካለፈ በኋላ የሚሸተውን ሸተተ። ዳግኒ ጎኑ ተቀምጣ የልጆቹን ዜማ በለሆሳስ አንጎራጎረችለት። ሰዓቱ ሲንጫረር አጠፋችው።

«በቃ፣ ልበስ!»

«ሱሪዬን መች አስወለቅሽኝ? ይህን ሁሉ ዘመን ጠብቄ!»

በማግሥቱ ጉንጩ ላይ ሮዝ ነገር ታየ። ቱሪድ አይታው አጨበጨበች። «ኧረ ሙሽራ! እዩት፣ ደም ገባበት!» አንድ ቀን አሳርፋው ደገመችለት። ቅላቱ ጨመረ። ዳግኒ በጣቷ ጀርባ ጉንጩን ነካችው፤ ትኩስ ነበር።

«ይቆጠቁጥሃል?»

«አይ።»

«እውነቱን ንገረኝ፣ ሃልቫር።»

«ምንም አይለኝም ስልሽ! ትኩሳቱ ይሆናል። ደግሞ ቀኑ ደረሰ እኮ።»

ዋሸ። ይቆጠቁጠው ነበር። ግን ቀኑ ደርሷል፤ በሚስቱ ጉንጭ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ሊያይ የቀረው ጥቂት ነው፣ እንደ ሬሳ ሆኖ ደግሞ አይሄድም። እሷም አመነችው። ቆዳው ቀልቶ ያደረን ልጅ ከደጅ ትመልስ የነበረችው ዳግኒ፣ የራሷን ባል ቃል አምና ሰዓቱን ለሦስተኛ ጊዜ አጠማዘዘች።

ጠዋት ሻይ ይዛ ስትገባ ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ።

ፊቱ አብጧል። ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ ከንፈሩ ውኃ ቋጥሯል፤ አንገቱ ድረስ ጥሬ ሥጋ መስሏል። በዚያ ሁሉ መሃል፣ መነጽሩ በነበረበት፣ ዓይኖቹ ዙሪያ ሁለት ነጫጭ ክቦች ቀርተዋል። በእነዚያ ክቦች ውስጥ ሆኖ እያያት ነው።

«ጉጉት መስያለሁ አይደል?» አለ፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ።

እህት ቶርዲስ ስትመጣ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ አንዴ ወደ ፊቱ፣ አንዴ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው መብራት አየች። ቀለሟ ተለወጠ። ቦርሳዋን ቀስ ብላ ወለል ላይ አስቀመጠች።

«ዳግኒ . . . በመብራቱ ሞቋል?»

«እንደ ደንቡ ነው! መነጽር አድርጌለት፣ ቋጠሮውን ለክቼ፣ ሰዓቱን . . . ከልጅ እንኳ አሳንሼ . . .»

«ክኒኑ» አለች እህት ቶርዲስ። «ክኒኑን የሚወስድ ሰው ቆዳው ብርሃን አይችልም። ከፀሐይ ይጠበቅ ማለት እሱ ነው። አንብቤላችሁ ነበር። አንብቤ . . . እኔም አብሬ ሳቅሁ።»

ዳግኒ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ያን ሳቅ ሰማችው፤ የቱሪድን፣ የነርሷን፣ በሽርጥ የታፈነውን የራሷን። የመንደሩን ሁሉ ሳቅ በየደጁ ሰማችው።

«መንሸራተቻውስ?» አለ ሃልቫር ከአልጋው። «እህት ቶርዲስ፣ እኔ የምጠይቅሽ ስለ መንሸራተቻው ነው።»

ነርሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ እጁን ያዘች። እጁ ብቻ ነበር ሳይጎዳ የሚያዝ። «የተገፈፈ ፊት በዚህ ውርጭ አይወጣም፣ ሃልቫር። በፋሻ ብንጠቀልለውም አይሆንም። አንተም ምቹን ገና አላመለጥከውም። ክኒኑን ባስቆምህ ሳንባህ ይሄዳል፤ ሌላ መድኃኒት መርከብ እስኪመጣ የለም፣ መርከቡም በዚህ ማዕበል አይመጣም።»

«ሁለት ቀን እኮ ነው የቀረው።»

«አውቃለሁ።»

«በብርድ ልብስ ብትሸፍኑኝ? ዓይኔን ብቻ ብትተዉት? ዓይኔ ደህና ነው። እሷ ናት ያዳነችልኝ፣ እዪው፣ ምንም አልሆነም።»

እህት ቶርዲስ ጨርቅ አርጥባ ግንባሩ ላይ አደረገች። ዳግኒ ተነስታ ወደ ኩሽና ወጣች፤ ግንባሯን በረዶ የያዘው መስኮት ላይ አስደግፋ፣ ማንም እንዳይሰማት፣ እናቶች በቀብር እንደሚያደርጉት እየተወዛወዘች አለችው፦

ስንት ልጅ አሙቄ በደኅና መልሼ፣
አንተን ፈጀሁህ ወይ በገዛ እጄ ለኩሼ?

*

ቱሪድ የዚያኑ ዕለት መጣች፤ ግን ድሮ ሳታንኳኳ የምትገባው ሴት ደጃፍ ላይ ቆማ በረዶዋን እንደ እንግዳ ታራግፋለች። ዳግኒ በሩን ከፍታ አየቻት።

«እኔ ነኝ» አለች ቱሪድ። «ቀልዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አፌ ነው። አፌን እንኳ ቆርጬ ብጥለው . . .»

«ግቢ፣ ብርድ አታስገቢ።»

«ስደቢኝ፣ ዳግኒ። ስትሰድቢኝ ይቀለኛል።»

«ምን ብዬ? ሁላችንም ሳቅን። መብራቱን ያበራው ግን የአንቺ እጅ አይደለም።»

ቱሪድ ኮቷን ሳታወልቅ አለቀሰች። ዳግኒ አላለቀሰችም። በፈላ ውኃ የታጠበ ጨርቅ እየጨመቀች ገመድ ላይ ትሰቅላለች፤ ጨርቁ የሃልቫር ፊት ላይ የሚደረገው ነው። ቱሪድ ቀስ ብላ ተጠግታ አንዱን ጫፍ ያዘችላት። ሁለቱ ሴቶች አብረው ጨመቁ።

ፀሐይ የምትመለስበት ቀን ጠርቶ ዋለ። ብዙ ዓመት ደመና ያበላሸው የነበረው ሰማይ ያን ዕለት፣ እንደ ክፋት፣ አንዲት ጉድፍ አልነበረበትም። ልጆቹ ትምህርት የላቸውም። መንደሩ ቡናውን በፔርሙዝ፣ ለቀኑ የሚጋገረውን የፀሐይ ዳቦ በቅርጫት ይዞ በዳግኒ ቤት ሥር አለፈ። በረዶው ከጫማቸው ሥር ሲያንጓጓ እስከ አልጋው ይሰማል። ባዶውን መንሸራተቻ ግን ማንም አልያዘም፤ ወንዶቹ አፍረው ከወደቡ መጋዘን አልጎተቱትም።

«ሂጂ» አላት ሃልቫር። ፊቱ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ የሚታዩት ዓይኖቹ ናቸው። ትኩሳቱ ተመልሶ ነበር።

«አልሄድም።»

«ሂጂና አይተሽ ንገሪኝ። አንቺ ካየሽ ያው ነው።»

«ያው አይደለም። አንተ ራስህ ነህ በኔ ጉንጭ በኩል ነው የማያት የምትለው። ያለ አንተ ጉንጬ ምን ያደርግላታል?»

ከመስኮታቸው ትይዩ ያለው ተራራ ጥቁር ሆኖ ቆሟል። ፀሐይ በጉብታው ላይ ብትወጣም ተራራውን ተሻግራ ከዚህ መስኮት የምትደርሰው ሌላ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ ነው። ዳግኒ የሰማዩ ጫፍ ወርቅ ሲቀባ አየች፤ ከዚያ በላይ ምንም። ከሩቅ፣ ከጉብታው፣ የሰዉ ጩኸት መጣ። ወጥታለች ማለት ነው።

ሲመለሱ በቤቱ ሥር ቆሙ። ዜማውን ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ምናልባት አንዱ ጢማም ዓሣ አጥማጅ ነው፣ በልጅነቱ መነጽሩን እያወለቀ ያስቸግራት የነበረው። ሁሉም ተቀበሉት። ትልልቅ ወንዶችና ሴቶች፣ ሁሉም በዚያ መብራት ዙሪያ በውስጥ ሱሪ የቆሙ፣ በበረዶው ላይ ቆመው በወፍራም ድምፃቸው አዜሙ፦

ተራራው ቢከልል፣ ባሕሩ ቢያርቅሽ፣
ነይ በመስኮታችን፣ ልባችን ናፈቀሽ።

ዳግኒ ጆሮዋን ልትይዝ ፈለገች። ደግነታቸው ከስድብ በለጠባት። ሃልቫር ግን እስኪጨርሱ አዳመጠ፤ ከዚያ ደረቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሰ መስሏት ጎንበስ አለች። እየሳቀ ነበር።

«ዳግኒ . . . በዚህ አገር፣ በጥር ወር፣ ፀሐይ ያቃጠለው የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ እኮ።»

ልትስቅ ሞከረች፤ ለእሱ ስትል ሞከረች። የወጣው ድምፅ ሌላ ነበር። እጁን አንስቶ ፀጉሯን ዳሰሳት።

ቱሪድ የፀሐይ ዳቦ አምጥታ ነበር፤ ላዩ ላይ ቢጫ ክሬም ክብ ሆኖ የተቀባበት። ማኘክ አልቻለም። ዳግኒ ክሬሙን በጣቷ ጫፍ ወስዳ በተሰነጠቁት ከንፈሮቹ መሃል አኖረችለት። ዓይኑን ጨፍኖ ለረጅም ጊዜ በአፉ ያዘው።

*

ሃልቫር ፀሐይ መስኮታቸው ሳትደርስ ሞተ። ማዕበሉ ጋብ ብሎ መርከቡ ሌላውን መድኃኒት ይዞ በመጣ ማግሥት። እህት ቶርዲስ ሳንባው ነው አለች፤ ቃጠሎው አይደለም፣ ቃጠሎው ይድን ነበር፣ ሳንባው ግን ያለዚያም አይቆይም ነበር አለች። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አለችው። ዳግኒ ራሷን ነቀነቀች። ሰው በበጎ ልብ የሚናገረውን ነገር እንዴት ይመልሱታል? የሳንባውን ነገር እሷም ታውቃለች። እሷ የወሰደችበት ሕይወቱን አልነበረም፤ ከሕይወቱ የቀረችውን አንዲት ቀን ነበር። ስለዚያች ቀን ደግሞ የሚያጽናናት ሰው አልነበረም።

በሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ቆዳው ጠቁሮ፣ ሁለቱ ነጫጭ ክቦች ግን እንዳሉ ነበሩ። ለቀስተኛው ሁሉ አያቸው።  ከዚያ ወዲህ በኦርኔቪካ «ከፀሐይ ተጠንቀቅ» የሚል ሰው አልተሰማም።

ከቀብሩ በኋላ ቱሪድ ሹራቧን ይዛ መጣች። ነገሩን ወደ ድሮው ልትመልሰው ፈልጋ ነበር፤ ሳሎኑ ገብታ መብራቱ ፊት እንደ ልማዷ ተቀመጠች።

«እስቲ አሙቂኝ፣ ዳግኒ። ሌሎቹም መምጣት ይፈልጋሉ፣ ፈርተው ነው።»

«ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?»

«ምንም።»

«እርግጠኛ ነሽ? ለራስ ምታት? ለእንቅልፍ?»

«እንግዲህ . . . አንዳንዴ የልቤን ጠብታ እወስዳለሁ። እሱ ግን ምን ያደርጋል?»

ዳግኒ ሲባጎውን በእጇ ይዛ ቆመች። ከቱሪድ አፍንጫ ወዲህ ቋጠሮው ይወዛወዛል። የኦርኔቪካን ልጆች ሁሉ ያሳደገች ሴት ሲባጎውን ለቀቀችው።

«አላውቅም» አለች። «አላውቅም፣ ቱሪድ። ተነሺ፣ ይቅር።»

መብራቱን በመጣበት ብርድ ልብስ ጠቀለለችው። መነጽሮቹን፣ ሲባጎውን አብራ አሰረች። ሰዓቱን ብቻ ኩሽና ውስጥ ተወችው።

ፀሐይ ተራራውን የተሻገረች ዕለት ዳግኒ ድንች እየላጠች ነበር። መጀመሪያ የመስኮቱ ጠርዝ ላይ ያለው በረዶ ፈካ። ከዚያ አንዲት ቀጭን ዘንግ ገብታ ወለሉን ተሻግራ የሃልቫር ወንበር ላይ ወጣች፤ ቀስ እያለች መደገፊያውን ይዛ ሽቅብ ሄዳ፣ እሱ ቢኖር ፊቱ በሚሆንበት ላይ አረፈች።

ዳግኒ ቢላውን አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች። ከመደርደሪያው ሰዓቱን አወረደችና ለሽማግሌ ቆዳ የሚሆነውን ያህል፣ ከልጅ አሳንሳ፣ አጠማዘዘችው። ቺቺቺ እያለ ሄደ። አልዘፈነችም። ብርሃኑን አላየችም፤ ባዶውን መደገፊያ ብቻ ታያለች፣ እንዳይቃጠል።

ሰዓቱ ተንጫረረ።

«በቃ» አለች ለወንበሩ፣ «ልበስ።»

ተነስታ መጋረጃውን ሳበችው፤ ሁለቱ ጫፎች በደንብ እስኪነባበሩ ድረስ።